እማየን ይዤ ናይሮቢ ልሂድ ወይስ ልቅር? (ሰኔ 18 ደርሷል)

ማርቆሴዋ — ሰኔ 9፣ 2017

እንዴት ናችሁሳ። ምክር ፈልጌ ነው፤ ቶሎ ለሚመልስልኝ ምስጋናዬ እጥፍ ነው።

እህቴ ናይሮቢ ናት፤ ካገባች ሁለት ዓመቷ። የመጀመሪያ ልጇን በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መባቻ ትወልዳለች ተብላለች። እማየ "ልጄ በሰው አገር ያለ እናት አትወልድም" ብላ ከፋሲካ ጀምራ ስትሰናዳ ነው የከረመች። የገንፎው ዱቄት ተፈጭቷል፣ ቅቤው ተነጥሯል፣ በሶውና ድርቆሹ ታስሯል። ሻንጣውን ብታዩት አራስ ልትጠይቅ ሳይሆን ዘመቻ የምትሄድ ነው የሚመስለው። ከአዲስ አበባ ወዲያ ሄዳ ስለማታውቅ ይዣት የምሄደው እኔ ነኝ። ትኬቱ የተቆረጠው ለሰኔ 17 ነው።

ትናንት የእህቴ ባል ደውሎ "ሰኔ 18 ትልቅ ሰልፍ አለ፤ አምና የሞቱት ልጆች ሙት ዓመት ነው፤ ቀኑን ብትለውጡት?" አለኝ። አምና ፓርላማው ሲጨስ በቴሌቪዥን አይተናል። አሁን ደግሞ አንድ መምህር ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ሞቶ ሕዝቡ እንደገና ተቆጥቷል አሉ። ለእማየ አልነገርኳትም።

ቤታቸው ሳውዝ ቢ የሚባል ሰፈር ነው፤ የምትወልድበት ሐኪም ቤት ግን ከኢስሊ ወደዚያ ነው። ሰልፍ ባለበት ሰው አገር የተጓዘ ካለ ምን ገጠማችሁ? ልለውጠው?

ዳንግላ_ላይ — ሰኔ 9

ከማርቆስ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ልታልፊ ነው፤ የምትፈሪው ግን ናይሮቢን ነው? ሃሃሃ። ይቅርታ፣ አላስቻለኝም።

ጨሞጋ_ዳር — ሰኔ 9

ቅሩ። ልጅ እናት ባትኖርም ይወለዳል። እናት ግን አንድ ናት።

የቡሬው_ሹፌር — ሰኔ 10

እታለም፣ የኔ ረዥም ነውና ቡናሽን አፍልተሽ አንብቢው።

በ2011 መጋቢት ነው። ታናሽ ወንድሜ ካርቱም፣ ባሕሪ በሚሉት በኩል ጋራዥ ይሠራ ነበር። መኪና ሥር ተኝቶ ሳለ ክሪኩ ሸሸና እግሩ ተሰበረ። እናታችን "ለፋሲካ እቤቴ አምጣልኝ" አለችኝ። የዚያን ጊዜ አይሱዙ እነዳለሁ፤ እስከ መተማ መንገዱን እንደ ጓሮዬ አውቀዋለሁ፤ ከመተማ ወዲያ ግን አንድም ቀን ተሻግሬ አላውቅም።

አገሩ እንደተበጠበጠ ሰምተናል። ነገሩ ታኅሣሥ 10 አትባራ ላይ ተጫረ። አትባራ የባቡር ሠራተኛ ከተማ ናት። አንድ ፓውንድ የነበረው ዳቦ ሦስት ሲገባ ተማሪው ወጣ፤ ከዚያ ያልተከተለ ከተማ የለም። የመተማ ደላሎች ግን "ምንም አይልህም፣ አንተ ሐበሻ ነህ" ብለው አቀለሉልኝ። ደላላ ያቀለለልህን ነገር ሁለት ጊዜ መዝነው፤ ይህን የተማርኩት ኋላ ነው።

መተማንና ገላባትን የሚለያት አንዲት ትንሽ ድልድይ ናት። ከዚያ ገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከገዳሪፍ ካርቱም ደግሞ ከ400 በላይ። አውቶቡሱ ነዳጅ ፍለጋ እየቆመ፣ እኛም አሸዋ እየበላን ካርቱም የገባነው ቅዳሜ መጋቢት 28 ነው። በ365 ቀን ውስጥ ያችን ቀን መረጥኩ! ሰልፈኞቹ ለካ ቀኗን ቆጥረው ኖሯል፤ በ1977 ፕሬዚዳንታቸው ኒሜሪ የወደቀባት ቀን ናት። በዚያች ቀን ሕዝቡ ሄዶ የጦሩ ጠቅላይ መምሪያ በር ላይ ተቀመጠ፤ ቂያዳ ይሉታል፤ አልነሳም አለ።

ችግሬን ተመልከቺልኝ። መናኸሪያው ከከተማው ደቡብ ነው። ወንድሜ ከወንዙ ማዶ፣ ሰሜን። ቂያዳው ደግሞ መሃል ላይ፣ ድልድዩ አፍ። ወንዙስ ማን መሰለሽ? የኛው ዓባይ። ሰከላ ላይ በጣሳ የሚቀዳው። "ደጀን ላይ አንተን ለመሻገር ረፋዴን ትበላኛለህ፤ እዚህም ዕዳዬ ነህ?" አልኩት።

ታክሲ የለም። ሬክሻ የሚሏት ባጃጅ ጥቂት ርቀት አድርሳኝ "ከዚህ በኋላ በእግርህ" አለችኝ። መንገዱ በጡብና በድንጋይ ተዘግቷል። ሻንጣዬን ተሸክሜ ሰው ወደሚጎርፍበት ጎረፍኩ፤ ሌላ መንገድ አላውቅማ። መግቢያው ላይ ወጣቶች ተሰልፈው ይፈትሻሉ፤ እየዘፈኑ ነው የሚፈትሹት፦ "ኢርፋዕ ኢደክ ፎግ፣ አተፍቲሽ በዞግ"። እጅህን ወደ ላይ፣ ፍተሻው በጨዋ ደንብ ነው ማለት ነው። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ተፈትሻለሁ፤ ተዘፍኖልኝ የተፈተሽኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ሻንጣዬ ውስጥ እናቴ ለወንድሜ የላከችለትን የጥሬ ከረጢት ሲያገኙ አሽትተው "ምንድን ነው?" አሉኝ፤ ቆርጥሜ አሳየኋቸው፤ እነሱም ቆረጠሙ። የወንድሜን ቆሎ እኩሌታ ያነሰው እዚያ ነው።

ውስጥ ደግሞ ካርቶን ተቀምጦ ገንዘብ ተሞልቷል። "ያለው ይጣል፣ የሌለው ያንሳ" ይላሉ፣ በራሳቸው አባባል። አስቢው፣ ባንኮቹ ጥሬ ገንዘብ አጥተው ሰው በየማሽኑ ተሰልፎ የሚውልበት ወቅት ነው! እኔም ጣልኩ። ሐበሺ መሆኔን ሲያውቁ ሻይ ቀዱልኝ፤ አንዱ ልጅ ሻንጣዬን ነጥቆ ተሸከመና ድልድዩን አሻገረኝ። የባቡሩ ድልድይ ላይ የወጡት ብረቱን በድንጋይ ይቀጠቅጡታል፤ ድምፁ እዚህ ደረቴ ላይ ነበር። ወንድሜን አልጋው ላይ ሳገኘው መጀመሪያ ያለኝ "እንዴት መጣህ?" አይደለም፤ "ቂያዳውን አየኸው?" ነው።

ከዚያ ሐሙስ ሚያዝያ 3 ሆነ። ከማለዳ ጀምሮ ሬዲዮው የወታደር ሙዚቃ ብቻ፤ "ጠቃሚ መግለጫ ይቀርባል" ይላሉ፤ አይቀርብም። ከቀትር በኋላ በሽር ከ30 ዓመት ሥልጣን መውረዱ ተነገረ። ሰዉ መንገድ ላይ አለቀሰ፣ ጨፈረ። እኔም "እንግዲህ ሰላም ሆነ" ብዬ ሲመሽ ለወንድሜ የሕመም ማስታገሻ ልገዛ ወጣሁ። የሰዓት እላፊ መታወጁን አልሰማሁም። ከምሽቱ አራት እስከ ሌሊቱ አሥር ሰዓት ኖሯል።

ዋናው ነገሬ ይቺ ናት። ሕዝቡ ያለው ቂያዳው ላይ ነው፤ እኔ ያለሁት ጭር ባለ ጎዳና ላይ ነው። አንድ ፒክአፕ መጣ። የማን ሰዎች እንደነበሩ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ መሣሪያ ይዘዋል። ስልኬን ተቀበሉ፤ ከፈቱት፤ የቂያዳው ፎቶ ሞልቶበታል። መሬት ላይ አስቀመጡኝ። ዓረብኛዬ "ሹክራን" እና "ሙሽ ዓርፍ" ብቻ ነው። ምን ያህል እንደቆየሁ ልነግርሽ አልችልም። ያዳነኝ አንድ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው፤ በራቸውን ከፍተው ወጥተው "እንግዳዬ ነው፣ ሐበሺ ነው፣ መድኃኒት ሊገዛ የላክሁት እኔ ነኝ" አሉ። አይተውኝም አያውቁ! ስልኩ ቀረ፤ እኔ ተለቀቅሁ። እቤታቸው አደርኩ።

የጠረፍ በሮች ተዘግተው ስለነበር እንደገና ጠበቅን። ወንድሜን የአውቶቡሱ የኋላ ወንበር ላይ አጋድሜ፣ ለሆሳዕና መተማ፣ ለፋሲካ ቡሬ ገባን። ሚያዝያ 20 ነበር ፋሲካው።

እና እታለም፣ ሰው የበዛበትን አትፍሪ። ሰው የበዛበት ቦታ ሰው አለው። ባዶውን መንገድ ነው የምትፈሪው። ስልክሽ ላይ ደግሞ ምንም ፎቶ አይኑር።

ዳንግላ_ላይ — ሰኔ 10

ወንድም ጋሸ፣ "ዘፍነው ፈተሹኝ" የምትለዋን ለዚህ አገር ኬላዎች ብትነግርልን።

ኢስሊ_ደጀኔ — ሰኔ 11

እኔ የደጀን ልጅ ነኝ፤ ኢስሊ ከገባሁ ስድስት ዓመት አለፈኝ፤ የልብስ ሱቅ አለችኝ። ሹፌሩ ያሉት ለካርቱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለናይሮቢ ግን አይሠራም፤ ስለዚህ ይቅርታ አድርጉልኝና ልቃወም።

አምና ሰኔ 18፣ 2016 እዚህ ነበርኩ። መነሻው የፋይናንስ ሕጉ ነው፤ ዳቦ ላይ 16 በመቶ ቫት ሊጫን ነበር፤ እሷን ቀደም ብለው አነሷት፤ ሌላው ግን ቀረ። ልጆቹ በስልክ ተጠራርተው ወጡ፤ መሪ የላቸውም፣ ፓርቲ የላቸውም፣ ባንዲራና ውሃ ብቻ። ፓርላማው ሕጉን ባጸደቀበት ሰዓት አጥሩን ጥሰው ገቡ። ጥይት ተተኮሰ። የተተኮሰው ሰው በበዛበት ቦታ ነው፣ ወንድሜ። በማግሥቱ ፕሬዚዳንቱ "አልፈርምም" አሉ፤ የሞተው ግን ሞቷል።

ሱቄ ውስጥ የምትሠራ ኬንያዊት ልጅ አለች። ያን ዕለት ጠዋት "ዛሬ አልሠራም፣ ልሄድ ነው" አለችኝ። "አትሂጂ" አላልኳትም፤ "ሂጂ"ም አላልኳትም። አንድ ካርቶን ውሃ ሰጠኋት። የኛ ሰዎች "በሰው አገር ፖለቲካ ምን አገባሽ" ብለው ተቆጡኝ። ውሃ ፖለቲካ ከሆነ ይሁን።

ትናንት ደግሞ መንገድ ዳር የአፍ ጭምብል የሚሸጥ ወጣት ጭንቅላቱን በፖሊስ ጥይት ተመታ። ቪዲዮውን አገሩ ሁሉ አይቶታል። ሰልፈኛ አልነበረም፤ ነጋዴ ነው። እና "ሰው የበዛበትን አትፍሪ" ብለሽ እናትሽን ይዘሽ እንዳትወጪ፣ እባክሽ።

አሁን የሚጠቅምሽን ልንገርሽ። ሰኔ 17 ኑ። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ሰልፉ ሳይጀመር ነው፤ ከኤርፖርት ሳውዝ ቢ መሃል ከተማ ሳትገቡ ትደርሳላችሁ። በ18 ግን እግራችሁ ከበር እንዳይወጣ። ማታቱ የሚሉት የሕዝብ ታክሲ አይሠራም፣ ሱቅ ሁሉ ይዘጋል፤ ወተትና ዳቦ በዋዜማው ይገዛ። ኔት ሊዘገይ ይችላል፤ አምና ቀኑን ሙሉ ሲያዘግመን ውሏል።

ገንዘብ እዚህ ኤም-ፔሳ ነው፤ ሁሉ ነገር ስልክ ነው፤ ለዚህ ለዚህ ቀን ግን ጥቂት ሺልንግ በጥሬው ያዙ። ለቪዛ አትጨነቂ፤ ኢትዮጵያዊ አይጠየቅም፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ግን አትርሱ።

አሁን አንቺ ያላሰብሽውን ልንገርሽ። እናንተ የምትቆጥሩት የበረራውን ቀን ነው። እኔ ብሆን የምጡን ቀን ነው የምቆጥረው። በሰኔ መጨረሻ አላልሽም? ሰኔ 30 በፈረንጅ ሐምሌ 7 ነው፤ ሰባት ሰባት፤ በስዋሂሊ "ሳባ ሳባ" ይሉታል። በ1982 በፕሬዚዳንት ሞይ ጊዜ ለመድበለ ፓርቲ የወጡበት ቀን ስለሆነ በየዓመቱ ይታሰባል። ዘንድሮ ሕዝቡ እንዲህ ተቆጥቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ አይመስለኝም። ሐኪም ቤቱ ከኢስሊ ወደዚያ ከሆነ፣ ከሳውዝ ቢ የሚመጣው መንገድ መሃል ከተማውን ይታከካል። ምጥ በዚያ ሌሊት ቢመጣስ?

የቡሬው_ሹፌር — ሰኔ 11

እህቴ፣ ተቃውሞሽን ተቀብያለሁ። ፓርላማ ሲጣስና ቂያዳ ሲቀመጡ አንድ እንዳልሆነ አሁን ገባኝ። ባዶ መንገድን ግን አሁንም እፈራለሁ።

ሰከላ — ሰኔ 12

ብዙ አልጽፍም ነበር፤ የሹፌሩን ሳነብ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። እኔ ቂያዳው ላይ ሻይ እሸጥ ነበር።

ወንድሜ፣ አንተ የሄድክበት ጊዜ ጥሩው ጊዜ ነው። ያ ፍተሻ፣ ያ ካርቶን፣ እውነት ነው፤ ያልጨመርክበት የለም። እኛ ሻይ ሻጮቹን "ሲት ሻይ" ይሉናል፤ ሐበሻ እንበዛለን፤ ሱዳናዊ ሴቶችም ብዙ ናቸው። ሌላ ጊዜ ፖሊስ ዕቃችንን እየሰበሰበ ሲያሳድደን የነበርን ሰዎች እዚያ ውስጥ ማንም አልነካንም። ልጆቹ ጀበናዬን ይሸከሙልኛል። ስድስት ዓመት ካርቱም ኖሬ ተከብሬ የዋልኩት እነዚያን ሁለት ወራት ነው።

ረመዳን ሲገባ ቀን ሻይ ቀረ፤ ሌሊት ሌሊት እንሠራ ጀመር። ረመዳኑ ሊፈታ ሲል፣ ግንቦት 26 ሊነጋጋ፣ ወታደሮቹ ቂያዳው ላይ ገቡባቸው። እኔ ያን ሌሊት ከሰል አልቆብኝ ቀደም ብዬ ወደ ደይም ተመልሻለሁ። ከሰል ነው ያተረፈኝ። ጎኔ የምትሸጠው ጓደኛዬ የቢቸና ልጅ ናት፤ እሷ ከሰል ነበራት። ከመቶ በላይ ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰው ጠፋ። እሷን አላገኘኋትም። ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ዞርኩ። ኢንተርኔቱን ዘግተውት እስከ ሐምሌ 2 ድረስ አልተከፈተም፤ ፎቶዋን ለማንም ልልክ አልቻልኩም። ቤተሰቦቿ ለኔ ሲደውሉ ምን እንደምላቸው ይጨንቀኝ ነበር፤ አሁንም ይደውላሉ፣ በዓል በዓል ላይ።

በ2015 ጦርነቱ ሲጀመር ቀዳም ስዑር ነበር፤ ዶሮ ገዝቼ ገብቼ ነው ተኩሱን የሰማሁት። ዶሮዋን እንደታሰረች ትቻት ወጣሁ። በመተማ ስገባ ከኋላዬ የሚመጡት ሱዳናውያን ነበሩ፤ ሻንጣቸውን እየጎተቱ። ከነሱ መሃል አንዱ አየኝና "ሲት ሻይ!" ብሎ ተጣራ፤ ቂያዳው መግቢያ ላይ ይፈትሽ የነበረ ልጅ ነው። ያኔ ኩመር መጠለያ ገባ አሉ። የኛ ኬላ ላይ ሲፈተሽ ቆሜ አየሁት። አልዘፈኑለትም።

ማርቆሴዋ፣ ሂጂ። እኔ ብሆን እሄዳለሁ። እናትሽ ስልክ ቁጥሩን በወረቀት ጽፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ትቋጥረው፤ ስልክ ሲወሰድ ቁጥሩም አብሮ ይሄዳል። የእህትሽን ባል ቁጥር አንቺም በቃልሽ ያዥ። እኔ የጓደኛዬን የእናቷን ቁጥር በቃሌ ስለማውቀው ነው ለቤተሰቧ ቶሎ የነገርኳቸው።

ጨሞጋ_ዳር — ሰኔ 12

እግዜር ያጽናሽ እህቴ። "ቅሩ" ያልኩትን አንስቻለሁ፤ በምን እንደተካሁት ግን አላውቅም።

ማርቆሴዋ — ሰኔ 13

ሁላችሁንም አነበብኩ። የሰከላን ሦስት ጊዜ።

ለእማየ ልነግራት ወሰንኩ። ቡና እያፈላች ነበር፤ ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ፣ "እንትን... ናይሮቢ ውስጥ ትንሽ ረብሻ ነገር አለ ይላሉ" አልኳት። ቀና ሳትል "በሬዲዮ ሰምቸዋለሁ፤ አንች እንዳትፈሪ ብየ ዝም አልኩሽ" አለችኝ። ከዚያ ሲኒውን እየቀዳች፣ "ሰልፍ ያለበት አገር ሴት አትወልድም?"

እና እንሄዳለን። ቁጥሩን ነጠላዋ ላይ ቋጥሬላታለሁ። እሷ ደግሞ ከክታቧ ጋር አሰረችው።

ኢስሊ_ደጀኔ — ሰኔ 13

በውስጥ መስመር ቁጥሬን ልኬልሻለሁ። ከሰኔ 28 ጀምሮ ቤቴ ክፍት ነው፤ ከሐኪም ቤቱ አሥር ደቂቃ ነኝ። እህትሽን ጨምራችሁ ኑና እኔ ጋ እደሩ። የደጀንና የማርቆስ ሰው ተዋውቆ አይተዋወቅም አይባልም። በጾሙ ምክንያት እኔ ቅቤውን አልነካባችሁም፣ አትስጉ።

ዳንግላ_ላይ — ሰኔ 19

ማርቆሴዋ ምን ደረሰች? ትናንት የኬንያ ቴሌቪዥኖች ቀጥታ ስርጭት እንዲያቆሙ ታዘዙ ሲሉ ሰማሁ። ሰው ሞቷል ይላሉ። እባክሽ አንዲት መስመር።

ማርቆሴዋ — ሰኔ 20

ደህና ነን። በ17 ማታ ገባን። በ18 ቀኑን ሙሉ ቤት ነበርን። ከሰገነቱ ላይ የሚታየው ሄሊኮፕተርና ጭስ ነው። ዜናውን እያየን መሃል ላይ ጣቢያው ጠፋ፤ ሌላ ቀየርን፣ እሱም ጠፋ። የእህቴ ባል ይረግማል፤ እማየ "ኧረ እኛ አገርም ይጠፋል፣ ተወው" ትለዋለች። ኔቱ ቢኖርም ይንቀረፈፋል። ሱቆች ተዘርፈዋል፤ ልጆች ሞተዋል። ጎረቤታችን ያለች ኬንያዊት እናት ልጇ ሰልፍ ወጥቶ እስኪመለስ ድረስ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። እማየ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። ቋንቋ አይግባቡም። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ልጁ መጣ፤ ዓይኑ በአስለቃሽ ጭስ በርበሬ መስሏል። ሁለቱም እናቶች አንድ ላይ ተቆጡት፤ አንዷ በስዋሂሊ፣ አንዷ በጎጃምኛ።

የቡሬው_ሹፌር — ሰኔ 20

ተመስገን። ሰኔ 30ን እንዳትረሺ።

ማርቆሴዋ — ሐምሌ 4

ይቅርታ ዘገየሁ፤ አራስ ቤት ጊዜ የለም። አዎ! ተወልዳለች። ሴት ናት። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። ልተርክላችሁ።

እሑድ ሰኔ 29 ከሰዓት በኋላ ዕቃችንን ይዘን ኢስሊ ሄድን፤ ደጀኔዋ እህታችን አልጋዋን ለቃ እሷ ምንጣፍ ላይ። የእህቴ ባል ሥራ ስላለው ሳውዝ ቢ ቀረ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ምጡ ጀመረ። እውነት እላችኋለሁ፣ አማች ቤት ብንሆን ኖሮ አለቀልን ነበር። ገና ሳይነጋ ፖሊስ ወደ መሃል ከተማ የሚያስገባውን መንገድ ሁሉ ዘግቷል፤ ከክፍለ ሀገር ሌሊቱን የተጓዙ አውቶቡሶች ከከተማው ዳር ቆመው ሰዉ በእግሩ ነው የገባ።

እኛን የያዘችን የጎረቤት ታክሲ ናት። አሥር ደቂቃ የተባለው መንገድ ላይ አንድ ኬላ ገጠመን፤ ብረት በመንገዱ አጋድመዋል። ፖሊሱ ወጣት ነው፤ ባትሪውን ወደ ውስጥ አበራ። እህቴ ትጮኻለች። እማየ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ በአማርኛ ትናገረው ጀመር፦ "ልጄ፣ አንተንም እናትህ እንዲህ ሆና ነው የወለደችህ፣ ክፈትልኝ፣ እደግልኝ።" ምን እንደተረዳ እንጃ። ብረቱን ራሱ ጎተተው። ስናልፍ እማየ "ያሳድግህ" ትላለች፤ ደጀኔዋ ደግሞ "ልጁ ትናንት ማን ላይ ተኩሶ ይሆን?" አለች፤ ዝም አልን። ሁለቱም እውነት ነው መሰለኝ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ወለደች። አዋላጇ ነርስ ቅዳሜ ነው የገባች፤ "ሰኞ መምጣት እንደማልችል ስላወቅሁ እዚሁ አደርኩ" አለችን። ልብሷን በፌስታል ይዛ መጥታ ሁለት ሌሊት ወንበር ላይ አድራለች። አባትየው ልጁን ሊያይ ከሳውዝ ቢ በእግሩ ተነስቶ፣ መንገድ እየቀያየረ፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰ፤ ጫማው ላይ ጥላሸት አለ፤ የተቃጠለ ጎማ ላይ ነው የተራመደው። ከውጭ ቡም ቡም ይላል፤ ልጅቱ ተኝታለች።

በኋላ የኬንያ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን በዚያች አንዲት ቀን የሞተው 31 ነው አለ። ሐኪም ቤቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ልቅሶ ነበር፤ የኛው ፎቅ ላይ የሕፃናቱ፣ ታች የቁስለኛው። እማየ ገንፎውን ስታገነፋ ለታችኞቹም ላካፍል ብላ ነበር፤ አልፈቀዱላትም።

ሹፌሩ፣ በዚያ ሌሊት ባዶውን መንገድ ሳየው አንተን አሰብኩህ። ሰከላ፣ ቁጥሩ አላስፈለገም፤ ቋጠሮው ግን እስካሁን አልተፈታም፣ እማየ አልፈታም ብላለች።

ሰከላ — ሐምሌ 4

እንኳን ማርያም ማረቻት! አትፈታው። አገሯ እስክትገባ ትያዘው።

ጨሞጋ_ዳር — ሐምሌ 4

እልልልል! ስሟስ?

ማርቆሴዋ — ሐምሌ 5

እሱ ነው ጉዱ። ሰኔ 30 የዮሐንስ ልደት ስለሆነ እማየ ወንድ ቢሆን ዮሐንስ ብላ ጨርሳ ነበር። ሴት ሆነችና ግራ ገባት። ነርሶቹ ግን ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምረው "ሳባ! ሳባ!" እያሉ ይጠሯታል፤ በሰባት ሰባት ስለተወለደች። እማየ ይህን ስትሰማ ደስታዋን አልቻለችውም። "ተመልከች፣ ኬንያዎችም ንግሥተ ሳባን ያውቋታል!" ብላ እጃቸውን ሳመች። እህቴም ባሏም ወደዱት፤ ሳባ ተባለች።

ዳንግላ_ላይ — ሐምሌ 5

ሃሃሃሃ! እና ሰባት ማለት መሆኑን ነገርሻት?

ማርቆሴዋ — ሐምሌ 5

አልነገርኳትም። ብቻ እሷም እንደ ሬዲዮው ሰምታ ዝም ብላኝ ይሆናል፤ አላምናትም።